ታሪክ ነጋሪ ዘፈን በመተማና በቋራ ቆላ

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ጦርነት ድሉ መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት ነበር። በአገራችን «ደርቡሽ» እየተባሉ የሚታወቁት የማህዲ ተከታዮች ዘሪባ በሚሉት የእሾህ አጥር ከተማይቱን ከበው ይዋጉ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ይህን አጥር ጥሶ በገባበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ሲዛመት ሠራዊቱ ተፈታ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቁስላቸው ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ደጋው ሲያዘግም የነበረውን ጓድ የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ጡመል ሰዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ደረሱበት፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ።

የዛሬ አንባቢ ይህን ሁሉ የሚያገኘው ከታሪክ መጻሕፍት ነው። በዚያን ጊዜ ግን በመተማና በጎንደር መካከል ጋዜጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ወሬው በእግረኛ፣ በበቅሎ ጫኝና ከጦር በተመለሰ ቁስለኛ አፍ ወደ ደጋው ወጣ፤ አብሮትም ግጥም ወጣ። ስለዚያ ቀን የተባሉት ስንኞች በአማርኛም በትግርኛም በሕዝብ አፍ ኖረዋል። ሆኖም እነዚህን ስንኞች ብቻ ሰብስቦ የጦርነቱን አካሄድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላውጣ የሚል ሰው ቢኖር ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስንኞቹ አጥሩ እንዴት እንደ ተጣሰ፣ ጥይቱ ከወዴት እንደ መጣ፣ አስከሬኑ በየት በኩል እንደ ተወሰደ አይዘረዝሩም። ያለቅሳሉ፣ ያሞግሳሉ፣ ይወቅሳሉ፤ ታሪኩን ግን አስቀድሞ እንደሚታወቅ አድርገው ይተዉታል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዘፈን ታሪክ ነጋሪ ሊባል ይገባዋልን? በሌላው ዓለም «ባላድ» ከሚባለው የዘፈን ዓይነት ጋርስ ዝምድና አለውን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከመተማና ከቋራ ቆላ በመነሣት መመርመር ነው።

ባላድ ምንድን ነው?

ባላድ የሚለው ቃል ምንጩ መደነስ፣ መጨፈር የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። መነሻው የጭፈራ ዘፈን ይሁን እንጂ በጊዜ ብዛት በዜማ የሚተረክ አጭር ታሪክ መጠሪያ ሆኗል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ የተለመደው ባላድ ባለ አራት መስመር አንጓ ሲሆን፣ አንደኛውና ሦስተኛው መስመር አራት አራት፣ ሁለተኛውና አራተኛው መስመር ደግሞ ሦስት ሦስት የድምፅ ምት አላቸው፤ ቤት የሚመቱትም ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። አሜሪካዊው ምሁር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1882 እስከ 1898 በታተመው ታላቅ ሥራው 305 ያህል እንዲህ ያሉ ዘፈኖችን ከነልዩ ልዩ ቅጂዎቻቸው አሰናድቷል።

ሊቃውንቱ ባላድን ከሌላው ዘፈን የሚለዩባቸው ምልክቶች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ ባላድ አንድ ድርጊት ይተርካል፤ ስሜት ብቻ አይገልጽም። ሁለተኛ፣ ተራኪው ራሱን ይሰውራል፤ «እኔ» አይልም፣ አይፈርድም። ሦስተኛ፣ ነገሩን ከመሐሉ ጀምሮ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል፤ በመካከሉም ሰዎቹን ያነጋግራል። አራተኛ፣ የሚመላለስ አዝማች አለው። አምስተኛ፣ ደራሲው አይታወቅም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተለወጠ ይኖራል።

የባላድ ዓይነቱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ከሕዝብ አፍ ከተገኘው ጥንታዊ ባላድ ቀጥሎ፣ ማተሚያ ቤቶች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እያተሙ በየገበያው ይሸጡት የነበረ የወሬ ባላድ ነበር፤ ስቅላቱ፣ ጦርነቱ፣ የመርከብ መስጠሙ ሁሉ በዚህ ይነገር ነበር። ከዚያም ባለቅኔዎች የሕዝቡን አካሄድ ተከትለው የጻፉት የጽሑፍ ባላድ መጣ። በሃያኛው መቶ ዓመት የሸክላ ሙዚቃ ሲስፋፋ ደግሞ ቃሉ ጨርሶ ትርጉሙን ለውጦ ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን መጠሪያ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ይህ የመጨረሻው ሳይሆን ታሪክ ነጋሪው ነው።

ባለ ሁለት ስንኙ ትረካ

በአማርኛ ከዚህ ጋር በአንድ ቃል የሚተካከል ስያሜ የለም። ይህ ግን ነገሩ ራሱ የለም ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ ከታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ቀደምት የሆኑት ለነገሥታት የተዘፈኑ ግጥሞች ናቸው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ ለነበሩ ነገሥታት የተባሉትን እነዚህን ግጥሞች ጣሊያናዊው ጉይዲና ጀርመናዊው ሊትማን አሳትመዋቸዋል። ለአፄ ይስሐቅ የተባለው ግጥም ለንጉሡ ይገብሩ የነበሩትን አገሮችና ሕዝቦች በስም እየጠራ የሚዘልቅ በመሆኑ የታሪክ ሊቃውንት እንደ ሰነድ ይጠቀሙበታል። እንግዲህ ዘፈንና ታሪክ በአማርኛ የተገናኙት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሕዝቡ ዘንድ የጸናው መልክ ግን ረጅሙ ዝርዝር ሳይሆን ጥንዱ ስንኝ ነው። አብዛኛው የቃል ግጥም የሚሄደው «የወል ቤት» በሚባለው ልክ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ካላቸው ሁለት ሐረጎች ይሠራል፤ ባንድ ላይ 12 ቀለም ይሆናል። አምስት አምስት ቀለም ያላቸው ሐረጎች የሚገጥሙበት ደግሞ «ሰንጎ መገን» ይባላል። ሁለት ስንኞች ቤት ሲመቱ አንድ ሐሳብ ይዘጋል። በዚህ ሒሳብ ታሪክ ነጋሪው ሐሳቡን የሚያሰፍርበት ቦታ 24 ቀለም ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሕዝብ የተለቀመ ሳይሆን ለማሳያ ያህል ብቻ የተሰናዳ አንድ ጥንድ ስንኝ እንመልከት፤

ገበያ ሄዶ ነው ሳይገዛ የቀረ፤
መንገዱን ጠይቁት ማን እንደ ነበረ።

ሰሚው ከዚህ የሚረዳው አንድ ሰው ገበያ ሄዶ አለመመለሱን ነው። ሰውየው ማን ነው? ገበያውስ የት ነው? በሽፍታ እጅ ወድቆ ነውን፣ በንዳድ ታሞ ነውን፣ ወይስ ራሱ ተሸጦ? ስንኙ አይናገርም። በቀዬው የሚኖር ሰው ግን ያውቀዋል። ለማያውቀው ደግሞ ሽማግሌው «ይህ የተባለው እገሌ እንዲህ ሆኖ በቀረ ጊዜ ነው» ብሎ ታሪኩን ይነግረዋል፤ ነግሮም ሲያበቃ ስንኙን ይደግመዋል።

የአገራችን ታሪክ ነጋሪ ዘፈን ከአውሮፓው ባላድ የሚለይበት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። የስኮትላንዱ ባላድ ታሪኩን በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ዘፈኑን የሰማ ሰው ታሪኩንም ሰማ። የእኛው ግን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ በስንኙ፣ ግማሹ ስንኙን በሚያጅበው ወግ ውስጥ ይኖራል። ስንኙ የታሪኩ ማኅተም ነው፤ ወግ ደግሞ ደብዳቤው። አንዱ ከሌላው ቢለይ ማኅተሙ ብቻ ይቀራል፤ የተጻፈውን ማንበብ ግን አይቻልም።

የዘፈኑ ዓይነቶች

ይህ ሁለትነት በሁሉም የዘፈን ዓይነት እኩል አይታይም። ስለሆነም ዓይነቶቹን በየመልካቸው መለየት ያስፈልጋል።

ፉከራ የባለ ገድሉ የራሱ ንግግር ነው። ፎካሪው ተነሥቶ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ በፈጣን ድምፅ ይጠራል። ትረካ አለው፤ ተራኪው ግን ራሱን የሚሰውር ሳይሆን ራሱን የሚያጎላ ነው። ስለዚህ በባላድ ሁለተኛ ምልክት ይወድቃል።

ቀረርቶ ድምፅን በረጅሙ እየሳቡ የሚያዜሙት ነው። ምቱ ልቅ ስለሆነ አይጨፈርበትም። ሽለላ ደግሞ ወኔ መቀስቀሻ ሲሆን፣ አዝማሪው በመሰንቆ ሲያጅበው፣ ሴቶችም ሲቀበሉት ይሰማል። ሁለቱም የሚሉት «ተነሥ» ነው እንጂ «እንዲህ ሆነ» አይደለም። ይሁን እንጂ ለማነሣሣት የሚጠሩት የትናንቱን ጀግና በመሆኑ የትናንቱ ገድል በውስጣቸው ይቀመጣል።

በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ልዩ ቦታ ያለው የፈረስ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ገጣሚው ከእነዚህ አንዱን ሲጠራ የሰውየው ሙሉ ታሪክ በሰሚው ልብ ይነሣል። 24 ቀለም ብቻ ላለው ግጥም አራት ቀለም ብቻ የሆነው የፈረስ ስም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሸከምለታል።

ከሁሉም ይልቅ ለባላድ የሚቀርበው ሙሾ ነው። አልቃሿ የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ የሟቹን ልደት፣ ጋብቻ፣ ሙያና አሟሟት በተራ ታነሣለች። አንዳንዴ ሟቹን እንደ ሕያው ታነጋግረዋለች፣ በእርሱም ስም ትመልሳለች። የባላድ መለያ የሆነው ምልልስ በዚህ ይገኛል። ለቀስተኛው እየተቀበለ ስለሚያዜምም አዝማች አለው። ጥንዶቹ ስንኞች እየተከታተሉ ስለሚሄዱ፣ አንድ ሙሾ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከተሰማ የአንድ ሰው ታሪክ ከነመልኩ ይወጣዋል።

የአዝማሪ ግጥም ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ያወድሳል፣ ይወቅሳል። ወቀሳው በሰምና ወርቅ ስለሚሸፈን የላዩን የሰማ ሁሉ የውስጡን ላይሰማ ይችላል። ከአዝማሪው ቀጥሎ የእረኛው ግጥም ይጠቀሳል። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው የቆየ አነጋገር፣ መኳንንቱ የአገሩን ስሜት ከልጆች ዘፈን ለማወቅ ይሹ እንደ ነበር የሚያስታውስ ነው።

የቋራው ካሣ

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ተጠቃሎ የሚታየው በቋራ ነው። የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ የያኔው ካሣ ኃይሉ፣ የሸፈቱትና የመጀመሪያ ተከታዮቻቸውን ያፈሩት በዚሁ ቆላ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍና በሠለጠነ ተኩስ ተሸነፉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ንጉሡ ለመድፍና ለሠራዊት ሥርዓት የነበራቸውን ብርቱ ፍላጎት ከዚህ ሽንፈት ጋር ያያይዙታል። ከዓመታት በኋላ በጋፋት የተሠራው፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው «ሴባስቶፖል» የዚያ ፍላጎት ውጤት ነበር።

የስንኝን ኃይል ለማወቅ ግን በ1845 ዓ.ም. የተደረገውን የጉር አምባ ጦርነት ማስታወስ ይበቃል። እንደሚተረከው፣ በጦርነቱ ዋዜማ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ አዝማሪ ካሣን የሚያዋርድ ግጥም ገጠመ። ጦርነቱ በካሣ ድል ተፈጸመ፤ ደጃዝማች ጎሹም ወደቁ። አዝማሪው ተማርኮ በቀረበ ጊዜ ያለውን እንዲደግም ተጠየቀ። እርሱም ያንን ከመድገም ይልቅ በገዛ ራሱ ላይ የሚፈርድ ሌላ ጥንድ ስንኝ ገጠመ፤ በፈረደውም ፍርድ ተደብድቦ ሞተ ይባላል።

ይህን ታሪክ ልብ ብሎ ለመረመረው ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። የአዝማሪው የመጨረሻ ስንኝ ብቻውን ቢነገር አንድ ሰው ራሱን ሲወቅስ የሚያሳይ ተራ ቃል ነው። በጉር አምባ ማግሥት፣ በአሸናፊው ፊት፣ ሞቱን አውቆ መናገሩን ስንሰማ ግን ያው ቃል ሌላ ክብደት ያገኛል። ክብደቱን የሰጠው ከስንኙ ውጭ ያለው ወግ ነው። ወጉ ባይጠበቅ ኖሮ ስንኙ ራሱ እስከ ዛሬ ባልኖረ ነበር።

ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሳቸው ያልገጠመ የለም። ልቅሶው፣ ሽለላው፣ ከዚያም የቲያትርና የልብ ወለድ ድርሰቱ ተከታትሏል። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም ውስጥም በስማቸው የተሰየመ ዘፈን አለ። በዚሁ አልበም ያለው «ማር እስከ ጧፍ» ደግሞ መሠረቱ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሰሚው ልብ ወለዱን እንደሚያውቅ ታምኖበት የተዘፈነ በመሆኑ፣ የጥንቱ ልማድ በስቱዲዮ ሙዚቃም አለመቋረጡን ያሳያል፤ ወጉን በሽማግሌው ፈንታ መጽሐፉ ይዞታል።

ድንበር ለምን ዘፈን ያበዛል?

ከእንግሊዝ ባላዶች መካከል በጣም የታወቁት በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር የተወለዱት ናቸው። ዋልተር ስኮት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1802 ማሳተም የጀመረው ስብስብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንበር ነው። በስፔንም ከግራናዳ መንግሥት ጋር በነበረው የድንበር ጦርነት የተወለዱ «የድንበር» ተብለው የሚጠሩ ታሪክ ነጋሪ ዘፈኖች አሉ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። በድንበር አገር ሕግ ሩቅ ነው፣ ዘረፋና ብድር መመለስ ቅርብ ነው፤ የሰው ስም የሚጠበቀው በጽሑፍ ሳይሆን በአንደበት ነው።

መተማም እንዲህ ያለ አገር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኙት የመተማ ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በክረምት የደጋውን ሰው ንዳድ ያስፈራዋል፤ በበጋ ግን መንገዱ በነጋዴ ይሞላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመተማ ገበያ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥና ከብት የሚለዋወጥበት፣ የደጋው ሰው፣ ጉሙዙ፣ ቅማንቱ፣ ጀበርቲው፣ ከምዕራብ አፍሪቃና ከዳርፉር መጥቶ የሰፈረው ተክሩርና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር።

የፖለቲካውም ታሪክ ከዚህ አያንስም። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ የተፈረመው የሂወት ውል አፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር እንዲወጣ እንዲረዱ አስገደዳቸው፤ የደርቡሽ ጠላትነትም በዚህ ተባባሰ። ጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ የአቡ አንጃ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በዓመቱ የመተማው ጦርነት ተከተለ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ድንበሩ ሲወሰን መተማ በኢትዮጵያ፣ ጋላባት በሱዳን በኩል ቀሩ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጋላባትን ያዘ፤ ነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው ጓድ ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት በዚሁ ቆላ አልፎ ገባ፤ ጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን መልሶ ያዘ፤ ጥር 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መተማን ለቆ ወጣ። በእነዚህ ስድሳ ያህል ዓመታት ውስጥ በአንድ ጠባብ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ነገር ሲፈራረቅ፣ ዘፈኑ ከዚህ ሁሉ ሊርቅ አይችልም ነበር።

ከድንበሩ ማዶም ዝምታ አልነበረም። የደርቡሽ ጦር ዋነኛ ኃይል ከነበሩት ከባጋራዎች ዘንድ «ሐካማት» የሚባሉ ሴት ገጣሚዎች አሉ፤ ጀግናውን ያሞግሳሉ፣ የሸሸውን ያዋርዳሉ። የሱዳን ግመል ጠባቂዎችም «ዶቤት» የሚባል ባለ አራት መስመር ግጥም አላቸው። የአማራዋ አልቃሽና የባጋራዋ ሐካማ ሥራቸው የተቀራረበ ነው። የመተማን ቀን አንዷ በድል፣ አንዷ በሐዘን ብታነሣውም፣ ሁለቱም የወደቀውን ሰው በስሙ ይጠራሉ።

ያልተዘፈነላቸው

ይሁን እንጂ ዘፈኑን እንደ ሙሉ የታሪክ መዝገብ መቀበል ስሕተት ነው። አዝማሪ የሚገጥመው ለሚሸልመው ወይም ለሚፈራው ነው። ለሙሾ አልቃሽ የሚቀርበው ቤተሰብና ቀዬ ላለው ሟች ነው። በመተማ ገበያ ከቡናና ከሰም ጎን ለጎን ሰዎችም ይሸጡ ነበር። ከጉሙዝና ከሌሎችም ሕዝቦች ተዘርፈው በዚያ መንገድ ስላለፉት ሰዎች የጀግኖቹ ሽለላ ምንም አይልም። ከባርያ ፈንጋዩ የፈረስ ስም ይቀራል፤ የተሸጠው ልጅ ስም አይቀርም። የወደቁት መኳንንት በስም ሲነሡ፣ ስንቅ ተሸክሞና እንስራ አዝሎ ሠራዊቱን የተከተለው ሕዝብ ባንድ ጅምላ ይታለፋል።

በዚያው ሰሞን በከብት እልቂት የጀመረውና «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ አገሩን አጥፍቷል። ረኃብ ጀግና የለውም፤ ፉከራም አይፎከርለትም። ይህን የመሰለ ነገር የሚገኘው እናቶች ለብቻቸው በሚያንጎራጉሩት እንጉርጉሮና ወፍጮ ላይ ሆነው በሚሉት ዜማ ነው። ሰብሳቢው ወደ ጀግናው ዘፈን ብቻ ከሄደ ግማሹን አገር ሳያይ ይመለሳል።

ስንኙ ሲቀር፣ ወግ ሲጠፋ

ስኮት የድንበሩን ዘፈኖች በሰበሰበ ጊዜ ከነገሩት ሰዎች አንዷ የባለቅኔው የጄምስ ሆግ እናት ማርጋሬት ሌይድሎ ነበሩ። ሴትየዋ መጽሐፉን ካዩ በኋላ ዘፈኖቹ የተሠሩት ለመዘፈን እንጂ ለመነበብ እንዳልሆነና ማተሙ እንዳበላሻቸው ለስኮት ፊት ለፊት ነገሩት፤ ልጃቸውም ይህን ጽፎ አቆይቶልናል። ወቀሳቸው እውነት ነበረው። ወረቀቱ ቃሉን ይዞ ዜማውን ጥሎት ነበር።

የአገራችን አደጋ ግን ከዚህ የከፋ ነው። የስኮትላንዱ ባላድ ዜማውን ቢያጣ ታሪኩ በቃሉ ውስጥ ይቀራል። የእኛው ጥንድ ስንኝ ወጉን ካጣ ዜማው ቢቀርም ታሪኩ ይጠፋል። የስንኝ ስብስብ በየጊዜው ታትሟል፤ አንባቢ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ማን፣ መቼ፣ ለማን እንዳለው የማይገልጽ የግጥም ዝርዝር ነው። ከዚህ የተለየ መልካም ምሳሌ አለ። በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» አባት የተናገሩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በቴፕ ቀርጸው ያሰናዱት ነው። እዚያ ውስጥ ግጥሙ ከተባለበት ምክንያት፣ ከሰዎቹ ስምና ከሰዓቱ ሳቅ ጋር አንድ ላይ ይገኛል። የተቀረጸው ጨዋታው ስለ ነበረ ወጉና ስንኙ አልተለያዩም።

ይህ ጉዳይ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኗል። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ አገር ከሆነ ወዲህ ከየደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የየአገሩን ዜማ ይዞ ይመጣል። የድንበሩ ግጭትና የውስጡ ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ የሸሸው ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል። ሰው ሲበተን ስንኙ አብሮት ይጓዛል፤ ስንኙ የተባለበት ዛፍ፣ ወንዝና መቃብር ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ቦታውን የሚያሳይ ሽማግሌ ከሌለ ወጉ ማረፊያ ያጣል።

ስለዚህ ታሪክ ነጋሪ ዘፈንን ማዳን የሙዚቃና የሥነ ጽሑፍ ባለሙያዎች ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። ወደዚህ ቆላ ለመንገድ ቅየሳ፣ ለድልድይ ሥራ፣ ለውኃ ጉድጓድ ጥናት የሚወርደው መሐንዲስና ቴክኒሺያን ሳምንታትን ከአገሬው ሽማግሌ ጋር ያሳልፋል። የወንዙን ሙላት ልክ የሚያገኘው እንኳ ከመለኪያው ቀጥሎ «ውኃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ከሚለው ነዋሪ ነው። ይህን ምልክት ከነቦታውና ከነዓመቱ ሳይመዘግብ እንደማያልፍ ሁሉ፣ ስንኙንም እንዲሁ ሊመዘግበው ይችላል። የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ በተናጋሪው ፈቃድ ድምፁ ይቀረጽ፣ ስንኙ ስለ ማን እንደ ተባለ ይጠየቅ፣ የተባለበት ቦታና ዘመን ይመዝገብ፣ ወጉ ሳይታረምና ሳያጥር ይጻፍ፣ ተናጋሪው ከማን እንደ ሰማው ይታወቅ።

የባላድ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንት የሚሰጡት ዝርዝር ጠቃሚ ነው። በመተማና በቋራ ያለው ዘፈን ግን ከዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ዘፈን ታሪክ ነጋሪ የሚሆነው ታሪኩን ሁሉ በመያዙ ብቻ አይደለም፤ ሰሚውን «ይህ ለምን ተባለ?» ብሎ እንዲጠይቅ በማድረጉም ጭምር ነው። ጥያቄው እስከ ተነሣና የሚመልስለት ሰው እስካለ ድረስ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ የወደቁት ሰዎች በሁለት ስንኝ ይታወሳሉ። መላሹ ከሌለ ግን ስንኙ ቤት ይመታል፤ ስለ ማን እንደ ተባለ የሚያውቅ አይኖርም።